ሃምሳ ሜትር

መቂ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ በተዘረጋው ሜዳ፣ ሰኞ ጠዋት አንድ አይሱዙ ቆመና ለአራት ጥርስና ለግማሽ ጆሮ መጥፋት ምክንያት ሆነ። ሾፌሩ አንዳች ጥፋት የለበትም። ቲማቲም ሊጭን መጣ፤ መኪናውን ወደ ኋላ አስጠጋ፤ ሞተር አጠፋ። ገና ከጋቢናው ሳይወርድ ከላይ ከወፍጮ ቤቱ በኩል አርባ ሰው፣ ከታች ከድልድዩ በኩል ሃያ ሁለት ሰው እየሮጠ ደረሰና ከመኪናው ኋላ ተገናኘ። የጫኝ መንጠቆውን፣ ሜንጦውን፣ የያዘ በሜንጦ፣ ፍልጥ ያገኘ በፍልጥ፣ ምንም ያላገኘ በግንባሩ ይማታ ጀመር። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ የሚያውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በየስማቸው ጠራ።

ልብ በሉ፣ ከታች በኩል የመጡት ሃያ ሁለቱ አንድም ሳይቀር ባለዲግሪ ናቸው። ከላይ ከመጡት አርባዎቹ መሃል ደግሞ አንድ ባለዲግሪ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አያውቅበትም።

ይህ ሰው መሳይ ነው። ትከሻው ላይ ድንጋይ አርፎበት አንድ ክንዱ ደንዝዟል። በደህናው እጁ ከተሰበረ የቲማቲም ሳጥን የነቀለውን ጣውላ ይዞ፣ ፊት ለፊት ያገኘውን አንድ ቀጭን ሰው አፉ ላይ መታው። ጣውላው ላይ ሚስማር እንደነበረ ያየው ከመታ በኋላ ነው። ሰውየው አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ቁጭ አለ፤ በጣቶቹ መሃል ደም ተንዠቀዠቀ። መሳይ አዘነለት ቢባል ደስ ባለ፤ ግን ውሸት ነው። ደስ አለው። አራት ዓመት ሙሉ ማንን መምታት እንዳለበት ሳያውቅ እጁን ጨብጦ የኖረ ሰው፣ የሚመታ ፊት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ሊደግመው ጣውላውን አነሳ።

በዚህ መሃል ከጎኑ አንድ ዱላ ወደ ራሱ መጣ። መጣና አየር ላይ ቆመ።

«ኢንጂነር!» አለ ዱላውን የያዘው። «መሳይ! አንተ ነህ እንዴ?»

ጂብሪል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አምስት ዓመት በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ ጂብሪል ከላይ መሳይ ከታች፣ ተኝተዋል። ፈተና በደረሰ ቁጥር ጂብሪል ራሱን ከላይ አዝቅዝቆ «መልሱ ስንት መጣልህ?» ይለው ነበር። መሳይ የነገረውን ቁጥር ደግሞ አይመረምርም፤ በቃ መሳይ ካለ አለ ነው። አሁን ሁለቱም አቧራና ደም ለብሰው፣ አንዱ ዱላ አንዱ ጣውላ እንዳነሱ ተፋጠጡ። ከዚያ የፖሊስ ፊሽካ ተነፋና ሁሉም ወደየመጣበት ሮጠ።

ዱላው ሳያርፍ ቀረ፤ «ኢንጂነር» የምትለዋ ቃል ግን አረፈች። ከላይ የመጡት የነባር ጫኞቹ አለቃ ጉተማ ከመኪናው ጎማ ሥር የወደቀ ሰው እየጎተተ ሳለ ሰምቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጫኞች ሕግ አጭር ነው፤ መኪና ጀርባው ባረፈበት ክልል ያሉ ጫኞች ይጭኑታል፤ ሌላው ሳጥን ቢነካ እጁ ይሰበራል። ድሮ ሜዳው በሙሉ የነባሮቹ ነበር። በኋላ ከተማው በሥራ አጥ ምሩቃን ተሞላ። ተደራጁ ተባሉ፣ ተደራጁ፤ የሜዳው የታችኛው ግማሽ ለእነሱ ይሁን የሚል ደብዳቤም ተጻፈላቸው። ፊዚክስ የተማረ አለ፣ ሒሳብ አያያዝ የተማረ አለ፣ ሁለት ሲቪል ኢንጂነሮች አሉ፣ ማስተርስ ያለው እንኳ አለ። አምስት ዓመት ደብተር ተሸክመው ሲያበቁ ሽንኩርት እንዲሸከሙ ተፈቀደላቸው። ነባሮቹ «ጋዋኖቹ» ብለው ስም አወጡላቸው።

በሁለቱ መሃል ድንበር ሆኖ የኖረው አንድ ትልቅ ግራር ነበር። ከወር በፊት መንገድ የሚያሰፋ ግሬደር ግራሩን ከነሥሩ ነቅሎ ጉድጓዱንም ደልድሎት ሄደ። በሳምንቱ ነጋዴዎች እዚያው አካባቢ የሲሚንቶ መድረክ አሠሩ። መኪና ጀርባውን ለመድረኩ ካስጠጋ ሳጥን እየገፉ ማስገባት ነው፤ ወገብ አይቆረጥም። ስለዚህ መኪና ሁሉ ወደ መድረኩ ብቻ ይሄድ ጀመር። መድረኩ ያለበት ቦታ ከግራሩ በላይ ይሁን በታች አንድም ሰው በእርግጠኝነት አያስታውስም፤ በየጠዋቱ ግን ሁሉም ለሚምልበት ነገር ደሙን ያፈስሳል። መድረኩን ያጣ ወገን ሜዳ አለኝ ቢልም ሥራ የለውም።

መሳይ ከምሩቃኑ ጋር ያልሆነው ጠልቶ አይደለም። የአዳማ ልጅ ነው፤ መታወቂያውም የአዳማ ነው። ምሩቃኑ ደግሞ የመቂ ነዋሪ ያልሆነ አንቀበልም፣ መዝገቡም ተዘግቷል አሉት። አዳማ ላይ አራት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሟል። ስድሳ አንድ ቦታ አመልክቷል። ለሦስት ክፍት ቦታ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው ስታዲየም ውስጥ ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ሲፈተን እሱም ተፈትኗል። አላለፈም፤ ያለፉትን ሦስቱንም ያየ ሰው የለም። በመጨረሻ መቂ የምትኖረው እህቱ ዘመናይ ዘንድ መጣ። የዘመናይ ባል ክፉ ሰው አይደለም፤ «እስከ መስከረም ይቀመጥ» ብሏል። መስከረም ሊጠባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ጉተማ ባለዲግሪ አይቀጥርም። «ዛሬ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ ነገ ደብዳቤ ሲመጣለት ጥሎኝ ይሄዳል» ይላል። ስለዚህ መሳይ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ ብሎ ገባ። ሙከራው ሦስት ወር ነው። ቅዳሜ ሦስት ወሩ ይሞላል፤ ያን ቀን ወይ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ተራ ይሰጠዋል፣ ወይ ይባረራል። እሱ የሚፈልገው በዚህ ዓለም ላይ ይህን ብቻ ነበር፤ ስሙ አንድ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ።

ከሰዓት በኋላ ጉተማ ባዶ ሳጥኖች ወደተደረደሩበት ጀርባ ጠራው። ጉተማ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ሰው ነው። ጆንያ የሚስብበትን ሜንጦ ከእጁ አይለይም።

«ስንተኛ ክፍል ነበር ያልከኝ?»

«አሥረኛ፣ ጋሼ።»

ጉተማ የሜንጦውን ሹል ከመሳይ አንገት አጥንት ሥር አስገባና ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሳበው። መሳይ በእግሩ ጣቶች ቆመ።

«ስንተኛ?»

«ዲግሪ አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«በምን?»

«በቅየሳ። መሬት መለካት ነው።»

ጉተማ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፤ ሜንጦውን ግን አላወጣም። «ሽማግሌዎቹ፣ እነ ኦቦ መርዳሳ፣ ሜዳው ነገ ይለካ፣ እኩል ይከፈል ብለዋል። እኔ ደግሞ ለካኝ ከየት አመጣለሁ እያልኩ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነበር። ለካ እቤቴ ቁጭ ብለሃል! ጋዋኖቹም አንተን አይጠሉህም፤ ያ ልጅ ወንድምህ ነው መሰለኝ።»

«አብሮኝ የተማረ ነው።»

«ጥሩ። ስማኝ፤ መድረኩ የኛ ነው። መሬቱ ሌላ ነገር ከተናገረ አንተ አርመው። ትምህርት ለዚህ ካልሆነ ለምንድነው? ቅዳሜ ስምህ ይጻፋል። እንቢ ካልክ ግን ከዚህ ሜዳ በዚህ ነው የምጎትትህ።» ሜንጦውን ሲያወጣ ሸሚዙ ላይ ደም ጠብ አለ። ጉተማ በአውራ ጣቱ ጠረገለት፤ አባት ልጁን እንደሚጠርግ።

ያን ማታ መሳይ እህቱ ቤት ገባ። ምንድነው ደሙ ስትለው ሳጥን ነው አላት። እውነቱን እንናገር፤ የሚያስፈራው ሜንጦው አልነበረም። የሚያስፈራው ተመልሶ የአዳማ ሰሌዳ ሥር መቆም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጥላ ይዘው ተቀመጡ። ኦቦ መርዳሳ «አካም ቡልተኒ» ብለው ሁለቱንም ወገን ሰላም አሉና ዱላና ሜንጦ ሁሉ አንድ ቦታ እንዲከመር አዘዙ። ጉተማ ለካኝ ብሎ ባቀረበው በመሳይ ላይ ምሩቃኑ ጥቂት አጉረመረሙ። ያ አፉ በሚስማር የተቀደደው ሰውዬ፣ በፋሻ ውስጥ ሆኖ፣ አይሆንም እያለ እጁን አወናጨፈ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አለ ጂብሪል። ኩየራ አንድ የግል ትምህርት ቤት በኮንትራት ሲያስተምር ቆይቶ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ስሙ ግን ከመጀመሪያው የምሩቃኑ መዝገብ ላይ ነበር። «ይህ ልጅ ይዋጋችሁ ይሆናል፤ ቁጥር ላይ ግን አይዋሽም። ደግሞስ እኔ ራሴ ሜትሩን እየጎተትኩ ምን ይሆናል?»

ከማዘጋጃ ቤቱ የተዋሱት የሃምሳ ሜትር የመለኪያ ጥቅልል መጣ። ጂብሪል የፊቱን ጫፍ ይዞ ይጎትታል፤ መሳይ ከኋላ ሆኖ ይቆጥራል፣ ይጽፋል። መጀመሪያ ሜዳውን በሙሉ ይለካሉ፤ ከዚያ ግማሹን ከወፍጮ ቤቱ ጀምረው ይቆጥሩና ችካል ይመታል።

መሳይ ጎንበስ ብሎ ዜሮውን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ስድሳ ሰው ቆሞ እሱን ይጠብቃል። ከተመረቀ ወዲህ ትምህርቱን ፈልጎ የጠበቀው የመጀመሪያ ሰው ይኸው ነው፤ ጫኝ ሁሉ። «ሳበው! ወጥር! በቃ!» እያለ ሲጮህ ድምፁ ለራሱ እንኳ እንግዳ ሆነበት። አንድ ሃምሳ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ቀና ብሎ መድረኩን አየው። መቁጠር እንኳ አላስፈለገውም፤ ዓይኑ ነገረው። የሜዳው እኩሌታ ከመድረኩ በፊት ያልቃል። በስድስት ሜትር። መድረኩ የምሩቃኑ ነው።

አምስት። ስድስት። ሰባት። ጉተማ ከጎን እየሄደ ይከተለዋል።

ስምንተኛው ላይ ያ አፉ የተሰፋው ሰውዬ የመታውን መሳይን ከማየት ብዛት ደሙ ፈላና ከአጠገቡ ባለው ጫኝ ፊት ላይ ደም ቀላቅሎ ተፋ። ጫኙ በቡጢ አፍንጫውን አለው። ሰው ተንጋጋ፤ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ጮኹ፤ ሁለቱን በግድ አላቀቋቸው። ጂብሪልም ሜትሩን ጥሎ ሊገላግል ሮጦ ነበር። ሲመለስ ላቡን እየጠረገ ጫፉን አነሳ።

«ስንት ደርሰን ነበር? ስምንት ነው?»

መሳይ ደብተሩን አየ። ስምንት ጭረቶች ነበሩ።

«ዘጠኝ» አለ።

«ዘጠኝ» አለ ጂብሪል፣ እና ጎተተ።

እስከ ድልድዩ አሥራ ሁለት ሜትር ቀርቶ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት የሆነው ሜዳ አራት መቶ ስድሳ ሁለት ተባለ። ግማሹ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። ከወፍጮ ቤቱ ተነሥተው ያን ሲቆጥሩ ችካሉ ከመድረኩ ሦስት ሜትር አልፎ ተመታ። መድረኩ ከእነ መወጣጫው የነባሮቹ ሆነ። ነባሮቹ እልል አሉ። ጂብሪል ችካሉን ለረጅም ጊዜ አየና «እንግዲህ መሬቱ ነው የተናገረው» ብሎ በወገኑ ስም ፈረመ። መሳይም ፈረመ። ኦቦ መርዳሳ መረቁ፤ ይህን ፊርማ የሚያፈርሰው ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዱ ተታለልኩ ብሎ ሲመሰክር ብቻ ነው አሉ።

አንድ ቀን ተኩል ሰላም ሆነ። ከመድረኩ በታች ምሩቃኑ ባዶ መሬት ላይ ቁጭ ብለው መኪና ሁሉ ወደ ላይ ሲሄድ ያያሉ። የተማረ ሰው ሥራ ሲያጣ ደግሞ ማሰብ ይጀምራል። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ሲቪል ኢንጂነሮች ሌላ ሜትር ተውሰው ከድልድዩ እስከ ችካሉ ለኩ። መቶ ሰማንያ አንድ መጣ። ደገሙት። መቶ ሰማንያ አንድ። ሃምሳ ሜትር ጠፍቷል።

ወደ ጂብሪል ሄዱ። ተታለልኩ በል አሉት።

«አልተታለልኩም» አለ። «ጫፉን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። መሳይን አውቀዋለሁ። እናንተ ናችሁ ስትቆጥሩ የሳታችሁት።»

«ሁለቴ ለካነው እኮ!»

«ሰላሳ ጊዜ ለኩት። እሱ ዘጠኝ ካለ ዘጠኝ ነው።»

እንዲህ ያለ እምነት ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን ያምራል። ሃያ አንድ ሥራ ፈት ሰው ፊት ግን አንድ ነገር ብቻ ይመስላል፤ ጂብሪል ሽጦናል፣ ባልንጀራው ቦታ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። ሊጨርሱት የሚፈልጉት መሳይን ነበር፤ መሳይ ግን በአርባ ሜንጦ መሃል ነው። ጂብሪል እጃቸው ላይ ነው።

የመጀመሪያውን የመታው ያ አፉ የተቀደደው ነው፤ በጥፊ። ከዚያ ማስተርስ ያለው በእርግጫ ሆዱን አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ምት የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጂብሪል ወደቀ፤ ተነሣ፤ «ቁጠሩት!» አለ፤ እንደገና ወደቀ። ፍልጥ መጣ። የፍልጡ ድምፅ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ በኋላ ግን ረጠበ።

መሳይ የቲማቲም ሳጥን ትከሻው ላይ አድርጎ መድረኩ ላይ ቆሟል። በመሃላቸው አርባ እርምጃ የለም። ሁሉንም ያያል፤ ጂብሪል እጁን ራሱ ላይ ሲያደርግ፣ እጁ ሲሰበር፣ የተሰበረውን እጅ መልሶ ራሱ ላይ ሲያደርግ። ድብደባውን አንድ ዓረፍተ ነገር ያስቆመዋል። «እሱ አያውቅም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ይህን ብሎ ቢጮህ ሃያ አንዱም ዞረው ወደ እሱ ይመጣሉ፤ ፊርማው ይፈርሳል፤ ጉተማ ሜንጦውን ያነሳል፤ ቅዳሜ አይመጣም። አፉን ከፈተ። ቃሉ ነበር፤ ማንም አልነበረም እንዳይል፣ ነበር።

«ምን ትገተራለህ? ጫን!» አለ ጉተማ ከኋላው። «ጋዋን ጋዋንን ሲበላ አንተ ምን አገባህ።»

መሳይ ሳጥኑን መኪናው ውስጥ አስቀመጠ። ተመልሶ ሌላ አነሳ። እሱንም አስቀመጠ። ስድስተኛው ሳጥን ላይ ፊሽካ ተነፋና ምሩቃኑ ተበተኑ። መሬት ላይ አንድ ሰው ቀረ።

ያኔ መሳይ ሮጠ። ዘግይቶ መሮጥ ቀላል ነው፤ የሚያስከፍለው ነገር የለም። ጂብሪልን በጀርባው ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባው፤ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ደሙን በሸሚዙ ያዘ። የቀኝ ዓይኑ ቦታ ዓይን አልነበረም። ባጃጁ በኮረኮንቹ ሲዘል ጂብሪል ያቃስታል።

«መሳይ።»

«አትናገር። ደርሰናል።»

«በትክክል ቆጥረሃል አይደል? ዘጠኝ ነበር አይደል?»

ከሾፌሩ በቀር የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ሾፌሩም ስለ ሜዳው የሚያውቀው ነገር የለም። ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መሳይ ወደ ውጭ አየ፤ ከዚያ ወደ ጭኑ አየ።

«ዘጠኝ ነው» አለ።

ጂብሪል ደም የሸፈነው ጥርሱን አሳየ፤ ፈገግ ማለቱ ነው። «ብያቸው ነበር» አለ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ነርሷ የጂብሪልን አንገት ነካች፤ የልብ ትርታ አጥታ እጇን መለሰች። መሳይ ጭኑን አላንቀሳቀሰም። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ውረድ እስኪለው ድረስ እዚያው ተቀመጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉተማ መዝገቡን መድረኩ ላይ ዘረጋና ብዕሩን ለመሳይ ሰጠው። የተማረ ሰው ጽሑፍ ያምራልና፣ ስምህን ራስህ ጻፈው አለው። መሳይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ።